ድዋርፍ ፎርትረስን መልክ ማልበስ፦ የዘጠኝ ቀን ማስታወሻ

ቅዳሜ ማታ

እህቴ ሻይ ይዛልኝ ገባችና በትከሻዬ በኩል ስክሪኑን አየችው። «ምን እየለቀምክ ነው?» አለችኝ። ምስር የሚለቅም ሰው መስያታለሁ። አልፈረድኩባትም። ጥቁር መደብ ላይ ነጠብጣብ፣ ሰረዝና ኮማ ተበትኗል፤ መሃሉ ላይ ሰባት ፈገግ ያሉ ፊቶች ☺ ቆመዋል። ለእኔ ይሄ ተራራ ሥር ያረፈ ቡድን ነው። ብርዱ ሳይገባ ዋሻ ቆፍሮ፣ ዘርቶ፣ መጠጥ ጠምቆ መድረስ አለበት። ለእሷ ሰፌድ ላይ ያለ እህል ነው።

ጌሙ ድዋርፍ ፎርትረስ ይባላል። ታርን እና ዛክ አዳምስ የሚባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ቤይ 12 ጌምስ በሚለው ስማቸው እ.ኤ.አ. በ2006 በነጻ ለቀቁት። ዓለሙን ከነታሪኩ ራሱ ይፈጥራል፤ ተራራውን፣ ወንዙን፣ ነገሥታቱን፣ ማን ማንን እንደወጋ ሳይቀር። ከዚያ ሰባት ድዋርፍ፣ ማለትም ድንክ ሰዎች፣ ይሰጥህና በል ምሽግ ሥራ ይልሃል። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰበሰባቸው 14 ጌሞች አንዱ ነው። ይሄን ሁሉ የሚያሳየው ግን በድሮው የአይቢኤም ኮምፒውተር የፊደል ገበታ፣ ኮድ ፔጅ 437 በሚባለው ነው። 256 ምልክት ብቻ። ፍየሏም፣ አልጋውም፣ ዘንዶውም ከነዚህ ውስጥ አንዱን ለብሰው ነው የሚመጡት።

«እኔም ብጫወተው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ምኑም አይታየኝም» አለች። ሥራው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሰዎች በምልክቶቹ ፈንታ እንዲገቡ ለጌሙ የሣሏቸው የግራፊክስ ፓኮች ሞልተዋል፤ ለዓመታት እንደ ሰነፍ ሰው ጨዋታ አይቼ አልፌያቸው ነበር። ሳምንቱን አንድ ፓክ ልመርጥ ነው።

ለምን ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ ያለውን አትገዛም የሚለኝ አይጠፋም። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. በኪትፎክስ ጌምስ በኩል የወጣው እትም ሥዕሉ ከራሱ ጋር ነው፣ ያምራልም። ዋጋው 29.99 ዶላር ነው፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም፣ ላፕቶፔም ዕድሜው ገፍቷል። ስለዚህ የምሠራው በ0.47.05 ነው። ከስቲሙ እትም በፊት የነበረው የመጨረሻው እትም ነው፣ ነጻ ነው፣ የድሮዎቹ ፓኮች ሁሉ የሚገጥሙትም ለእሱ ነው።

እሑድ

ጠዋት ቁጭ ብዬ ስክሪንሾት ሳይ ዋልኩ። ይሄ ስሕተት ነበር፤ ስክሪንሾት እንደ ሰርግ ፎቶ ነው፣ ሁሉም ያምርበታል። በመጀመሪያ ልቤ የሄደው ሜፍ የሚባለው ሰው ፓክ ላይ ነው። ሥዕሎቹ 32 በ32 ፒክሰል ናቸው፤ የግንበኛው መዶሻ፣ የዛፉ ቅጠል ለብቻው ይታያል።

አውርጄ ከከፈትኩት በኋላ ግን ጭጋግ የመሰለ ነገር መጣ። ጥፋቱ የፓኩ አይደለም፣ የእኔ ስክሪን ነው። ሒሳቡን ቀድሜ መሥራት ነበረብኝ። ጌሙ ቢያንስ 80 ዓምድና 25 ረድፍ ካሬ ይፈልጋል። የእኔ ስክሪን 1366 በ768 ነው። 1366 ለ32 ሲካፈል 42 ነው፤ 80 ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ጌሙ ካሬውን እስከ 17 ፒክሰል ገደማ ይጨምቀዋል፣ ያ ሁሉ የተለፋበት መዶሻም ይደበዝዛል። በ16 ፒክሰል ግን 85 ዓምድና 48 ረድፍ ይገባል። ስለዚህ ከ16 በላይ ያለውን ሁሉ ከዝርዝሩ አወጣሁ። ሦስት ሰዓት ካጠፋሁ በኋላ።

የቀሩት አራት ናቸው፦ ፌቡስ፣ ሜይዴይ፣ አይረንሃንድ እና ስፔስፎክስ። ሜይዴይን የሣለው፣ በዚያው ስም የሚጠራው፣ የድሮ ሰው ነው፤ ስቲም ላይ ለወጣው እትም ሥዕል እንዲሠሩ ከተጠሩት ውስጥ እሱና ሜፍ ይገኙበታል።

ሁሉንም በአንድ የሚያቀርብ፣ በአንድ ክሊክ ፓክ የሚቀይር ሌዚ ኒውብ ፓክ የሚባል ጥቅል አለ። ከነኮተቱ ትልቅ ፋይል ስለሆነና የዚህ ወር ዳታዬ እያለቀ ስለሆነ በእጄ ልገጥማቸው ወሰንኩ። ይሄ ውሳኔ ረቡዕ ዋጋ ያስከፍለኛል፤ ገና አላወቅኩም።

ሰኞ ማታ

መጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት ምንም አልቀየር አለኝ። ዳታ ውስጥ ኢኒት የሚል ፎልደር አለ፣ እሱ ውስጥ በዚያው ስም የጽሑፍ ፋይል። ፎንት የሚለውን መስመር በፓኩ ሥዕል ስም ተክቼ ከፈትኩ፤ ያው ምስር። ለካ መስመሮቹ አራት ናቸው። ሁለቱ ግራፊክስ ሲጠፋ የሚሠሩ ናቸው፣ ሁለቱ ግራፊክስ የሚል ቅጥያ ያላቸው ደግሞ ሲበራ። ከየጥንዱ አንዱ ለመስኮት፣ ሌላው ለሙሉ ስክሪን። እኔ የቀየርኩት የተሳሳተውን ጥንድ ነበር። ካስተካከልኩት በኋላ ደግሞ ኤፍ 11ን ተጭኜ ሙሉ ስክሪን ሳደርገው ወደ አሮጌው ተመለሰ፣ ምክንያቱም የሙሉ ስክሪኑን መስመር ረስቼዋለሁ። ፓክ የምትገጥሙ ሰዎች አራቱንም አንድ ላይ ቀይሯቸው፣ ግራፊክስ የሚለውም «የስ» (YES) መሆኑን እዩ።

ከዚያ ወደ ፈተናው። ዋናው ሜኑ ላይ አሬና አለ፤ ዓለም ሳትፈጥር ፍጥረት እየጠራህ የምታፋልምበት ሜዳ። «ኬ»ን ተጭነህ ቦታ ትመርጣለህ፣ «ሲ»ን ስትጫን የፍጥረቱ ዝርዝር ይመጣል። በእያንዳንዱ ፓክ አሥር ድዋርፍና ጥቂት ጎብሊኖች ደባልቄ አቆምኩና እህቴን ጠራኋት። ደንቡ፦ እስከ አምስት እቆጥራለሁ፣ ላፕቶፑን አዞረዋለሁ፣ ጠላት ስንት እንደነበረ ትነግሪኛለሽ።

ፌቡስ ላይ ጎብሊኖቹ ስድስት ነበሩ፤ አራት አለች። «መሬቱ ያምራል» አለች ጨምራ፤ እውነት ነው፣ ፌቡስ አፈሩንና ሣሩን ሞቅ አድርጎ ነው የሣለው፣ ዓይን ግን እዚያው ይቀራል። አይረንሃንድ ላይ አምስቱን ሰባት አለች። ሜይዴይ ላይ ልክ መለሰች፣ ግን ትንሽ አሰበች፤ ፊቶቹን ወደደቻቸው፣ «ይሄኛው ቲማቲም የሚሸጥልን ሰውዬ አይመስልም?» አለች። ስፔስፎክስ ላይ ቀና ብላ እንኳን አላሰበችም፣ ልክ።

ከዚያ እንደ ቀልድ በድሮው ፊደል ሞከርኳት። «ፈገግ ያሉት የእኛ ናቸው፣ ትንሿ ጂ (g) ጠላት ናት» ብቻ አልኳት። ስምንት ጎብሊን ነበር። ስምንት አለች። ሦስት እስክል ነው የፈጀባት።

ይሄ ትንሽ አስደነገጠኝ። ምስር ለቀማው ከሁለት ፓክ በልጦ ተገኘ። ሳስበው ግን ይገባኛል፤ ፊደል የተፈጠረው እርስ በርሱ እንዳይምታታ ነው፣ ጂ ከፈገግታ ጋር አትመሳሰልም። ሥዕል ግን ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ አንድ ራስ ነው፤ ድዋርፉም ጎብሊኑም። በ16 ፒክሰል ውስጥ ልዩነት የምታስቀምጥበት ቦታ ጺሙና የቆዳው ቀለም ብቻ ነው። ከአሁን በኋላ መለኪያዬ ይሄ ነው፦ ፓኩ ቢያንስ ትንሿ ጂ የምትሠራውን ያህል ይሥራልኝ። ውበቱ ከዚያ በኋላ።

ማክሰኞ

መብራት የለም። የላፕቶፑ ባትሪ አርባ ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ እሱንም ለሥራ ተጠቀምኩበት።

ረቡዕ

አሬናው ላይ ሁሉም ሠርቷል፣ እንግዲህ የቆየው ምሽጌ ላይ ልየው ብዬ ፌቡስን ገጥሜ ከፈትኩት። ሦስት ዓመት የተጫወትኩት ምሽግ ነው፣ ከመቶ በላይ ድዋርፍ አለበት። ወለሉና ግድግዳው ተቀየረ። ድዋርፎቹ ግን ያው ፈገግታቸውን እንደያዙ ናቸው። ይባስ ብሎ ጫካው ውስጥና የማዕድን ክምሩ ላይ ምንም የማይገናኙ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ ጠቋሚውን ሳስጠጋ ጌሙ «የወርቅ ድንጋይ» ይለኛል፣ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የካሬዎቹ ሥዕል፣ ማለትም 256ቱ ምልክት የተሣሉበት አንድ ፒኤንጂ የሥዕል ፋይል፣ ዳታ ውስጥ አርት በሚለው ፎልደር ይቀመጣል፤ እሱን ጌሙ ለሁሉም ሴቭ (ለተቀመጠ ጨዋታ ሁሉ) በጋራ ይጠቀምበታል። የፍጥረታቱ ሥዕል ግን ሮው በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው፣ የትኛው ድንጋይ ስንተኛውን ምልክት እንደሚለብስ የሚናገሩት የጽሑፍ ፋይሎችም እዚያው ናቸው። ዓለም ስትፈጥር ደግሞ ጌሙ የሮውን ቅጂ ሴቩ ውስጥ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ዋናውን ብትቀይር ያ ዓለም አይሰማህም፣ የራሱን ቅጂ ይዞ ቀርቷል። አሮጌው ቁጥር አዲሱ ሥዕል ላይ እየጠቆመ ነው ወርቄ ወርቅ ያልመሰለው። አሬናው የሚያነበው ዋናውን ስለሆነ ችግሩ እዚያ አልታየም።

እንግዲህ ሴቩ ውስጥ ያለውንም መተካት ነው። እዚህ ላይ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ መጠባበቂያ ልያዝ አልኩ። ኦብጀክትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች እዚያው ፎልደር ውስጥ ኮፒ ፔስት አደረግኳቸው። ዊንዶውስ ስማቸው ጭራ ላይ ኮፒ የሚል ቃል ጨምሮ አስቀመጣቸው። ከዚያ በኦሪጅናሎቹ ላይ የፌቡስን ደረብኩ።

ጌሙ ግን የፋይሉን ስም ጭራ አያይም። ስሙ ክሪቸር ብሎ ከጀመረ ያነበዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፍጥረት ሁለት ጊዜ አነበበ። ስህተት የሚመዘግበው ፋይል ውስጥ «ድግግሞሽ» የሚል መስመር ከላይ እስከ ታች ተሰልፏል፣ ምሽጉ ውስጥ ደግሞ ፍጥረት ከፍጥረት ተምታቷል። ምን ምን ሆኖ እንደተገኘ አልዘረዝርም፤ ከንቲባዬን በዚያ ሁኔታ ማየት አልፈለግኩም፣ ሳልሴቭ ዘጋሁት።

ያዳነኝ ባለፈው ዓመት በፍላሽ ላይ ያስቀመጥኩት የታሸገ ቅጂ ነው። አንድ ወቅት ያህል ጨዋታ ቀረብኝ፣ ሌላው ተርፏል። መጠባበቂያ ከጌሙ ፎልደር ውጭ ይቀመጥ፣ ታሽጎ ቢሆን ደግሞ ይሻላል።

ያ ዳታ ቆጥቤ ያላወረድኩት ጥቅል ሴቮችን ከአዲሱ ፓክ ጋር የሚያስተካክል ቁልፍ አለው። ዛሬ አነበብኩት። ዝም ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ

ዛሬ ቀለም ብቻ። እህቴ ጎረቤት ሄዳለች፣ ብቻዬን ነኝ።

ጌሙ 16 ቀለም ነው ያለው፤ እያንዳንዱ በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መጠን ከለርስ በሚባል ፋይል ተጽፏል። ፓኮቹ አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን የቀለም ፋይል ይዘው ይመጣሉ፣ ብዙዎቹም የሚያቃጥለውን ቀለም ያለዝቡታል። የድሮው ሰማያዊና ቢጫ ዓይን ይወጋል፣ አልክድም፤ የምሽት ሱቅ አምፖል ይመስላል። የለዘበውን ሳደርገው ግን ድንጋዬን አጣሁት። ማይክሮክላይን የሚባል ድንጋይ አለ፣ የድሮ ተጫዋች ሁሉ የሚያውቀው፣ ምሽጉን ሁሉ ሰማያዊ የሚያደርግ። በለዘበው ቀለም ግራጫ ሆኖ ከሌላው ጋር ተቀላቀለ። ብረት ያለበትን ቀይ ድንጋይም ከሸክላ አፈሩ መለየት አቃተኝ።

የዚህ ጌም ቀለም ወሬ ነው የሚያቀብልህ። ድንጋዩ ምን እንደሆነ፣ መሬቱ ላይ የፈሰሰው ደም መሆኑን፣ ከዚያ ማዶ የሚያበራው ቀልጦ የሚፈላ ድንጋይ መሆኑን የምታውቀው በእሱ ነው። ስለዚህ የስፔስፎክስን ሥዕል ይዤ የጌሙን የራሱን ቀለም መለስኩ፣ አንዱን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ብቻ በእጄ ትንሽ አደመቅኩት። በጥቁር ላይ ሲጻፍ አይነበብም ነበር።

ፌቡስ ወጣ፣ አይረንሃንድ ወጣ። ሜይዴይና ስፔስፎክስ ቀሩ።

ቅዳሜ

ትናንት ምንም አልሠራሁም። ዛሬ ግን ሙሉ ቀን አለኝ።

ሜይዴይና ስፔስፎክስን በአዲስ ዓለም፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ እስከ መጀመሪያው ክረምት ተጫወትኳቸው። ልዩነቱ በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ላይ ነው። ፓኮቹ ለየሙያው የተለየ ልብስ ይሣላሉ፤ ቆፋሪው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ግንበኛው። ሜይዴይ ላይ ፊታቸው ያዝናናኛል። ስፔስፎክስ ላይ ግን መስመሩ ቀጭንና ንጹሕ ነው፣ ከሩቅ ሳይ ማን ሥራ ፈትቶ እንደቆመ አውቃለሁ። ስፔስፎክስን መረጥኩ። ልቤ ትንሽ ወደ ሜይዴይ ይላል፣ ያንን ቲማቲም ሻጭ አጥቼዋለሁ።

ከመረጥኩ በኋላ እጄ አላርፍ አለ። ደረጃው ለእህቴ ደረጃ አይመስላትም፤ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚያስኬደው ደረጃ የኤክስ ፊደል ነው። ሥዕሉን ጂምፕ በሚባል የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ከፍቼ ኤክስን ወደ መሰላል ቀየርኩት። አሪፍ መሰላል። ከዚያ ነጋዴዎቹ መጡና የዕቃ ዝርዝራቸውን ከፈትኩ። ድዋርፍ ፎርትረስ ውስጥ ያረጀ ልብስ በስሙ ግራና ቀኝ ኤክስ ይደረግለታል፣ በጣም ያረጀው ሁለት ሁለት። አሁን እያንዳንዱ የነተበ ካልሲ በሁለት በሁለት መሰላል ተደግፎ ቆሟል። የጽሑፉና የካርታው ፊደል አንድ ነው፤ አንዱን ብትነካ ሌላውም ይነካል። ኤክስ ደግሞ የዕቃ ሣጥንም ምልክት ናት፤ መጋዘኔ በመሰላል ተሞላ።

ይሄን የሚፈታ ነገር አለ፦ ዲኤፍሃክ ከሚባል የጌሙ ማሻሻያ ጋር የሚሠራ ቴክስት ዊል ቢ ቴክስት የሚባል ተጨማሪ። ጽሑፉን ከካርታው ይለያል፣ የታችኛውን ወለልም በጥላ ያሳያል። ሞከርኩት፣ በጣም ደስ ይላል። ላፕቶፔ ግን አልወደደውም፤ ፍጥነቱ ወረደ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። አወጣሁት። ሻል ያለ ማሽን ያለው ሰው ግን ከዚህ ይጀምር፣ የእኔ ጭንቀት ግማሹ ይቀርለታል።

ስለዚህ ደንብ አወጣሁ፦ ጽሑፍ ውስጥ የማይመጡ ምልክቶችን ብቻ እነካለሁ። ☼ አይነካም፤ እጅግ ድንቅ የሆነ ሥራ በስሙ ዳርና ዳር የሚያደርገው እሱን ነው። ÷ ግን በርሜል ነው፣ ጽሑፍ ውስጥ አይመጣም። በርሜል ደግሞ ለእኔ ምንድን ነው? እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይጠምቃሉ፣ ይጠጣሉ፣ መጠጥ ሲያልቅ ሥራ ይለግማሉ። ይሄ ጋን ነው።

ሥዕሉ 16 ዓምድ በ16 ረድፍ ነው፣ እያንዳንዱ 16 ፒክሰል፣ ጠቅላላው 256 በ256። ÷ ቁጥሩ 246 ስለሆነ ከላይ 16ኛው ረድፍ ላይ ሰባተኛው ነው። አጎላሁትና ጋን ሣልኩ፦ ሰፊ ሆድ፣ አጭር አንገት፣ ከንፈር። በደንብ ቡናማ ቀባሁት፣ አንድ ጎኑ ላይ ብርሃን አሳረፍኩ። ኮራሁበት።

ጌሙ ውስጥ ጥቁር ጭቃ ሆኖ መጣ፣ ዙሪያውን በሮዝ ክር ተጠምጥሞ።

ሁለት ጥፋት ነው። አንደኛ፣ ጌሙ ሥዕሉን በዕቃው ቀለም ያባዛዋል። በርሜሉ ከቀይ እንጨት ከሆነ ቀይ ያደርገዋል፣ ከመዳብ ከሆነ የመዳብ። ቡናማ በቀይ ሲባዛ ጥቁር ነገር ነው የሚወጣው። መሣል ያለበት በነጭና በግራጫ ነው፤ ነጩ የዕቃውን ቀለም ሙሉ በሙሉ ይለብሳል፣ ግራጫው ጥላ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የዚህ ፋይል መደቡ ማጀንታ ነው፤ ቀይ 255፣ አረንጓዴ 0፣ ሰማያዊ 255። ጌሙ ያንን ብቻ፣ በትክክል ያንን ቁጥር፣ ባዶ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። እኔ የተጠቀምኩት ጠርዙን የሚያለሰልስ ብሩሽ ነበር፣ ጠርዙ ላይ ያለው ፒክሰል ከማጀንታው ጋር ተቀላቅሎ ሮዝ ሆነ። ሮዝ ደግሞ ለጌሙ ባዶ አይደለም። ጂምፕ ውስጥ እርሳስ የሚባለውን መሣሪያ ያዝኩ፤ አያለሰልስም፣ ያው ካሬ በካሬ ነው።

ሁለተኛውን ጋን ለእህቴ አሳየኋት። «አምፖል ነው?»

ሦስተኛው ላይ አንገቱን አሰፋሁ፣ ከንፈሩን በአንድ ፒክሰል ወደ ውጭ አወጣሁ፣ ሆዱ ሥር ጥላ አደረግኩ። «እ፣ ጋን!» አለች። ከጠመቃው ክፍል አጠገብ አሥራ አራት ተደርድረው ሲታዩ የድግስ ቤት ጓዳ ነው የመሰለው። ከእንጨት የተሠራ ጋን መሆኑ ቅር ይላል፣ እሱን ቻል አድርጉት።

ከጋኑ በኋላ ጠረጴዛው ሊቀር አይችልም። ╤፣ ቁጥር 209፣ 14ኛ ረድፍ ሁለተኛ። መሶብ ከጋን ይልቅ ቀላል ነው፤ ሰፊ እግር፣ ቀጭን ወገብ፣ ሾጣጣ ክዳን። በ16 ፒክሰልም ማንም አይስተውም፣ በመጀመሪያው ሙከራ ወጣ። የምግብ አዳራሹ ውስጥ ስምንት መሶብ በሁለት ረድፍ ቆሟል።

ማታ ላይ ስስት ያዘኝና ፊደላችንን ላስገባ አልኩ። በ256ቱ ውስጥ የፈረንሳይኛው፣ የጀርመንኛው፣ የስፓኒሹ ባለ ምልክት ፊደል ብዙው አለ፤ ከግሪኮቹም ጥቂቶቹ አሉ፤ ሀ የለችም። ድዋርፍ ቅጽል ስም ልስጥ ብል በላቲን ነው የምጽፈው። ከባለ ምልክቶቹ ጥቂቱን በግዕዝ ተካሁ። የድዋርፎቹ የራሳቸው ቋንቋ ግን እነዚያን ባለ ምልክት አናባቢዎች በብዛት ይጠቀማል፤ የሰው ስም ሁሉ መሃሉ ላይ ቀ እና ሸ ተሰንቅሮበት መጣ። ደግሞም የኛ ፊደል ከሁለት መቶ በላይ ነው፣ በየት ይገባል? ሁሉንም መለስኩ።

እሑድ

እህቴ ተቀመጠች፤ እኔ ከጎን ነኝ። ስትጫወት የመጀመሪያዋ ነው። «ያቺ መጥረቢያ የያዘችው የኔ ናት» አለችና የራሷን ቅጽል ስም ሰጠቻት።

ውኃ ጉድጓድ እንሥራ አለች። ከወንዙ ቦይ ቆፍረን ወደ ምድር ቤቱ ልናወርድ ነው። ውኃው በሥዕል ሲታይ ውብ ነው፣ ሞገድ ሞገድ ይላል። ባለመጥረቢያዋ ገባችበት። አልወጣችም። የውኃው ጥልቀት ከ1 እስከ 7 ነው፤ ጌሙ ካልጠየቅከው ቁጥሩን አያሳይህም፣ እኔም ፓኩን ስገጥም የራሴን የቆየ ማስተካከያ በፓኩ ፋይል ደርቤበት ነበር። እህቴ ዘወር ብላ አየችኝ። «እንዳይመጣ ነው ያደረግኸው?» አለችኝ፣ ቁጥሩን ማለቷ ነው። ሆን ብዬ እንዳልሆነ ማስረዳት ከባድ ነበር።

ዲ ኢኒት በሚባለው ፋይል ውስጥ የፍሰቱን መጠን የሚያሳየውን መስመር የስ አደረግኩ። አሁን ወንዙ ላይ ሞገድ የለም፤ ሰባት ሰባት ሰባት ተብሎ ተጽፏል፣ ዳር ዳሩ ላይ ሦስትና ሁለት። አያምርም። ቦዩ ሲሞላ ግን 4 ላይ ሲደርስ «ውጡ፣ ውጡ!» ብላ የጮኸችው እህቴ ናት።

በመከር መጨረሻ ጎብሊኖቹ መጡ። ከስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ላይ አምስት ሆነው ብቅ አሉ፤ እኔ ገና ጠቋሚውን ሳላንቀሳቅስ ቆጠረቻቸው። ድልድዩን አነሳን። በር ላይ ከቀረ አንድ ውሻ በቀር ሁሉም ውስጥ ነበር።

የአዳራሹን ግድግዳ ልስላሴ ስናስጨርስ አንድ ነገር አየች። መሶቡ ዙሪያ ያለው ወንበር የፈረንጅ ወንበር ነው፣ መደገፊያ ያለው። «በመሶብ በዚህ ወንበር ይበላል እንዴ?» አለችኝ። ወንበሩ ╥ ነው፣ ቁጥር 210፣ ከመሶቡ ቀጥሎ ያለችው ካሬ። በእርሳሱ፣ በግራጫ፣ ሦስት እግር ያለው በርጩማ ሣልኩላት። ዘግቼ ስከፍተው በቦታው ነበር፤ እሱ የሚቀመጠው አርት ውስጥ ስለሆነ ሴቩን መንካት አላስፈለገኝም።